ጄኔቫን በእግርና በጀልባ፦ ከሐይቁ ዳር ጃንሆይ እስከተናገሩበት ቦታ

ጄኔቫ ኪስ ታራቁታለች። ይህን የሄደ ሁሉ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ግን የከተማዋ ምርጥ ምርጡ ነገር ወይ በነጻ መሆኑን ወይ ለምልክት ያህል ብቻ እንደሚያስከፍል ነው። ሐይቁ በነጻ ነው። ካቴድራሉ በነጻ ነው። መናፈሻዎቹ፣ አሮጌው ከተማ፣ የከተማው አስተዳደር የሆኑ የበርካታ ሙዚየሞች ቋሚ ክምችት ሁሉ በነጻ ነው። ብር የሚበላው አልጋውና ምግቡ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ብዙ መክፈል አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። መንገዱን ካወቃችሁ ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃችኋል። ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሳታችሁ በፊት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቀጠሮው ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድማችሁ ጀምሩ። እዚያው አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩና የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን ያለ ቪዛ መግባት ትችላላችሁ።

ሆቴል ወይም ሆስቴል ስትይዙ የጄኔቫ የትራንስፖርት ካርድ አብሮ ይሰጣችኋል። ክፍያ የለውም። ባቡሩን፣ ትራሙን፣ አውቶቡሱን፣ ሐይቁ ላይ የሚመላለሱትን ትንንሽ ጀልባዎች ሳይቀር በከተማው ክልል ውስጥ በነጻ ያስኬዳችኋል። ብዙ ጊዜ ከመድረሳችሁ በፊት በኢሜይል ስለሚልኩላችሁ ካልመጣላችሁ ሆቴሉን ጠይቁ። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ ግን ይህ ካርድ አይሰጣችሁም፤ የቀን ቲኬት መግዛት አለባችሁ።

ሌላው ነገር እሑድ ነው። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ክፍት ሱቅ በእርግጠኝነት የምታገኙት በዋናው ባቡር ጣቢያና በአየር ማረፊያው ነው። ሰኞ ደግሞ ብዙ ሙዚየሞች አይከፍቱም። እነዚህን ሁለት ቀናት ለሐይቁና ለመናፈሻዎቹ ተዉላቸው።

ባዶ የውሃ ጠርሙስ ያዙ። በየመንገዱ ዳር የሚፈሰው የቧንቧ ውሃ፣ "አይጠጣም" የሚል ምልክት ከሌለው በስተቀር፣ ንጹሕና የሚጠጣ ነው። ካፌ ውስጥ የታሸገ ውሃ ስንት እንደሚሸጥ ስታዩ ይህ ምክር ይገባችኋል።

ከአየር ማረፊያ

ታክሲ አያስፈልግም። የባቡር ጣቢያው እዚያው አየር ማረፊያው ሥር ነው። ባቡሩ ኮርናቫን ወደሚባለው ዋና ጣቢያ ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ከኮርናቫን ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለውን የሞን ብላን ጎዳና ይዛችሁ ቁልቁል ውረዱ። ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ ሐይቁ ላይ ናችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ሐይቁን በቀኝ ይዛችሁ ጀምሩ

ብዙ ሰው በቀጥታ ድልድዩን ይሻገራል። እናንተ አትሻገሩ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉና ዳር ዳሩን ተራመዱ። ሐይቁ በቀኛችሁ ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ካለ ከሐይቁ ማዶ፣ ከኮረብታዎቹ ጀርባ፣ በረዶ የለበሰው ሞን ብላን ይታያችኋል። ጭጋግ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ተራራው በየቀኑ አይገለጥም።

እዚህ ዳርቻ ላይ ቦ ሪቫዥ የሚባል አሮጌ ሆቴል አለ። የኦስትሪያዋ እቴጌ ኤልሳቤጥ፣ ሲሲ የሚሏት፣ ያረፈችው እዚያ ነበር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1898 ከሆቴሉ ወጥታ ወደ መርከብ ስትሄድ አንድ ጣሊያናዊ አናርኪስት በሞረድ ወጋት። ምን እንደነካት እንኳ ሳታውቅ ተራምዳ መርከቡ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ወደቀች። ሐውልቷ እዚያው ሐይቁ ዳር ቆሟል።

ቀጥሎ ባን ደ ፓኪ ነው። ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ ረጅም መተላለፊያ፣ ጫፉ ላይ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ ያለበት። የሕዝብ መዋኛ ነው፤ አሁን ያለው ግንባታ የ1932 ነው። በሙቀቱ ወራት በጥቂት ፍራንክ ገብታችሁ ትዋኛላችሁ። በብርዱ ወራት ሳውናና ሐማም አለ። ከጄኔቫ ቦታዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እኔ ይህን እመርጣለሁ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ተማሪው፣ ስደተኛው፣ ጡረተኛው ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ ሳህን ይዞ ይቆማል። የቀኑ ምግብ ዋጋው ለከተማዋ ደህና ነው። ምሳችሁን እዚህ ብሉ።

ከዚያ የጀልባው ነገር። ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ሙዌት የሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። የከተማው አውቶቡስ እንደማለት ናቸው፣ ካርዳችሁም ይሠራል። ከፓኪ ወደ ኦ ቪቭ የሚሻገረውን ያዙ። ብዙ ጎብኚዎች ለሐይቅ ሽርሽር ውድ ቲኬት ይገዛሉ። እናንተ ያንኑ ውሃ፣ ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ንፋስ በነጻ አገኛችሁ።

ኦ ቪቭ ስትወርዱ ዤ ዶ አጠገባችሁ ነው። ከሐይቁ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ውሃ ማለት ነው። ከፍታው 140 ሜትር ይደርሳል። በየሰከንዱ 500 ሊትር ውሃ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወጣል። ታሪኩ ደግሞ ሲያዩት የሚገመት አይደለም። በ1886 ሮን ወንዝ ላይ ለሰዓት ሠሪዎችና ለሌሎች ባለ እጆች ማሽን ኃይል የሚሰጥ የውሃ ጣቢያ ነበር። ማታ ማታ ሠራተኞቹ ማሽናቸውን ሲዘጉ የውሃው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱን ለማስተንፈስ አንድ ቀዳዳ ከፈቱለት፣ ውሃው ወደ ላይ ተተኮሰ። ሕዝቡ ወደደው። በ1891 ለውበቱ ብለው ወደ ሐይቁ አመጡት። አሁን የምታዩት ከ1951 ጀምሮ ያለው ነው።

ቅርብ ድረስ የሚያስኬድ የድንጋይ መተላለፊያ አለ። ሂዱበት። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው፣ ጆሮ የሚሞላ። ከዚያ ንፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ውሃው እንደ መጋረጃ ተጠማዞ መተላለፊያው ላይ ይወርዳል፤ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ትበሰብሳላችሁ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነች ቀስተ ደመናው እግራችሁ ሥር ይሠራል። ስልካችሁን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉ። ንፋስ ሲበረታ ወይም ውርጭ ሲሆን ያጠፉታል፤ ስለዚህ ሲሠራ ባያችሁት ጊዜ ወዲያው ሂዱ፣ ለነገ አታሳድሩት።

ወደ ድልድዩ ስትመለሱ ውሃው ውስጥ ጉብ ያሉ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ታያላችሁ። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ጎትቶ ያመጣቸው ናቸው። የስዊዘርላንድ ተራሮች ከፍታ ሁሉ የሚለካው ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱን መነሻ አድርጎ ነው። የአበባው ሰዓትም እዚሁ መናፈሻ ውስጥ ነው። ፎቶ አንስታችሁ እለፉ፤ ያን ያህል ጊዜ አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ፦ ዳገቱን ወደ አሮጌው ከተማ

ከመናፈሻው መንገዱን ተሻግራችሁ ዳገቱን ውጡ። ቡር ደ ፉር የሚባለው የከተማዋ ጥንታዊ አደባባይ ላይ ትደርሳላችሁ። ቡና እዚህ ውድ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ያስደስታል።

ቀጥሎ ሳን ፒየር ካቴድራል ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1160 ገደማ ነው። እስከ ፕሮቴስታንት ተሐድሶው ድረስ የካቶሊክ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ከተማዋ ፕሮቴስታንት ስትሆን ሥዕሉና ጌጡ ተነሣ። ለዚህ ነው ግድግዳው ባዶ የሚሆንባችሁ። የተሐድሶው መሪ ዣን ካልቪን የሰበከው እዚህ ነው፤ የእሱ ነው የሚባለው ወንበር ዛሬም ውስጥ አለ። መግባት በነጻ ነው። ማማው ላይ ለመውጣት ግን ይከፈላል፤ 157 ደረጃ አለው። ጉልበታችሁ ከፈቀደ ክፈሉና ውጡ። ጄኔቫ እንዴት እንደተቀመጠች የሚገባችሁ ከላይ ስታዩት ነው፦ ሐይቁ የት እንደሚያበቃ፣ ሮን ወንዝ ከየት እንደሚወጣ፣ ፈረንሳይ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች።

ከካቴድራሉ ጥቂት እርምጃ ላይ ሜዞን ታቬል አለ፤ የከተማዋ ጥንታዊ መኖሪያ ቤት ነው፣ በነጻ ይገባል። ሰገነቱ ላይ ጄኔቫ በ1850 ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ ግዙፍ ሞዴል አለ። ያኔ ከተማዋ በግንብ የታጠረች ነበረች። ትይዩው የከተማው አዳራሽ ነው። ውስጡ ያለው መወጣጫ ደረጃ የለውም፤ ሹማምንቱ በፈረስ እንዲወጡ ታስቦ በዳገት መልክ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት፣ በጦር ሜዳ የቆሰሉትን የሚጠብቀው ሕግ፣ በ1864 የተፈረመው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ከዚያ ትሬይ ወደሚባለው ሰገነት መሰል መናፈሻ ውጡ። 120 ሜትር ያህል የሚረዝም የእንጨት አግዳሚ አለ። እዚያ ካሉት ዛፎች አንዱ የመንግሥት ሥራ ያለው ነው። ከ1818 ጀምሮ የመጀመሪያ ቅጠሉ የወጣበት ቀን በየዓመቱ ይመዘገባል፤ ያ ቀን በጄኔቫ የፀደይ መግቢያ ነው።

ሥዕል የምትወዱ ከሆነ በአሮጌው ከተማ ጠርዝ ላይ ያለው የጥበብና የታሪክ ሙዚየም ጎራ በሉ፤ ክፍት መሆኑን ግን ቀድማችሁ ድረ ገጹ ላይ እዩ። የምትፈልጉት አንድ ሥዕል ነው። ኮንራድ ቪትስ በ1444 ለካቴድራሉ የሣለው የዓሣ ማጥመድ ተአምር። ጌታ በውሃ ላይ ቆሟል፣ ጴጥሮስ ወደ እሱ ሊመጣ ሲል እየሰጠመ ነው፣ ሐዋርያት መረብ ይጎትታሉ። ወንጌሉ የገሊላን ባሕር ነው የሚናገረው። ሠዓሊው ግን የሣለው የሌማንን ሐይቅ፣ ማለትም ይህንኑ የጄኔቫን ሐይቅ ነው። ከጀርባ ያሉት ተራሮች ጠዋት ከፓኪ ያያችኋቸው ናቸው። በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ተለይቶ የሚታወቅ እውነተኛ መልክአ ምድርን በዚህ ጥንቃቄ ካሳዩ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። የጴጥሮስን እግር እዩት፤ በውሃው ውስጥ እንዴት ተሰብሮ እንደሚታይ። በሥዕለ አድኅኖ መካከል ያደገ ሰው እዚህ ሥዕል ፊት ቶሎ አይነቃነቅም።

ጃንሆይ የተናገሩበት

ከትሬይ ቁልቁል ስትወርዱ ባስቲዮን መናፈሻ ውስጥ ትገባላችሁ። 100 ሜትር የሚያህል ግንብ ላይ የተሐድሶው መሪዎች አምስት ሜትር ቁመት ባላቸው ሐውልቶች ተቀርጸዋል። መግቢያው አካባቢ ደግሞ ሽማግሌዎች ወገብ በሚደርሱ ቁርጥራጮች መሬት ላይ ቼዝ ይጫወታሉ። ደስ ይላል፤ ትንሽ ቆማችሁ እዩ።

ከመናፈሻው ወጥታችሁ አደባባዩን ተሻገሩና ወደ ጄኔራል ዱፉር ጎዳና ግቡ። ጥቂት ደቂቃ ነው። የምትደርሱት ኡኒ ዱፉር የሚባል ግራጫ የኮንክሪት ሕንፃ ጋ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ነው። ቱሪስት የሚባል አይመጣበትም። እኛ ግን ልንመጣበት ይገባል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ከተያዘች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም። ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ያፏጩና ይጮሁ ጀመር። ፖሊስ ጎትቶ አስወጣቸው። ጃንሆይ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለሞቱት፣ ስለተካደው ቃል ተናገሩ።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህ የሆነው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ባለበት ቤተ መንግሥት ታላቅ አዳራሽ ውስጥ ይመስለዋል፤ እዚያም ፎቶ ይነሣል። ያ አዳራሽ ግን ለጉባኤ የተከፈተው በ1937 ነው፣ ከንግግሩ በኋላ። በዚያን ጊዜ ጉባኤው ይሰበሰብ የነበረው የምርጫ ሕንፃ ይባል በነበረ ሌላ አዳራሽ ነበር። ያ ሕንፃ በ1964 ተቃጠለ። ቦታው ላይ የቆመው ኡኒ ዱፉር ነው። የሚታይ ውበት የለውም። ቢሆንም ንግግሩን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ንገሯቸው። ከጄኔቫ ጉዞ ሁሉ ይህን ባትዘሉብኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ቀን፦ ናሲዮን

ከኮርናቫን ትራም 15 ያዙና ናሲዮን ላይ ውረዱ። አደባባዩ ላይ አንድ እግሩ የተሰበረ 12 ሜትር የሚረዝም የእንጨት ወንበር ታያላችሁ። በፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች መታሰቢያ በ1997 የቆመ ነው። ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ከሚታወቅበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ወንበር ብዙ ይናገራል።

የተባበሩት መንግሥታትን ቤተ መንግሥት ለማየት በድረ ገጹ ቀድማችሁ የጉብኝት ቦታ መያዝ አለባችሁ። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ኮፒ አይቀበሉም። ቲኬታችሁ ላይ በተጻፈው በር፣ ፍተሻ ስላለ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ግቢው ውስጥ ጣዎሶች ሲንጎራደዱ ብታዩ አትደነቁ። መሬቱን ለከተማው ያወረሰው ጉስታቭ ሬቪዮ ጣዎሶቹ እንዲኖሩበት ተናዞ ነው።

ከዚያ ፊት ለፊት ወዳለው የቀይ መስቀል ሙዚየም ሂዱ። ሰኞ ዝግ ነው። ይህ የሚከፈልበት ሙዚየም ነው፣ ግን ገንዘቡ ይገባዋል። ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ሰዎች ካርዶች አሉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ወረቀቶች። እያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ የተያዘበት ቦታ፣ የጠፋ ወንድሙን ወይም ልጁን የሚፈልግ ሰው ጥያቄ አለ። በእጅ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው በ1935፣ ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ነው። ከጄኔቫ የተላከው ስዊሳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖም በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፤ የመርዝ ጋዙን ጉዳት በዓይኑ አይቷል።

ስትጨርሱ በትራም አትመለሱ። ወደ ሐይቁ ውረዱ። መጀመሪያ የዕፅዋት መናፈሻው አለ፤ በነጻ ነው። ከዚያ ፔርል ዱ ላክና ሞን ርፖ የሚባሉትን መናፈሻዎች አልፋችሁ ውሃውን እያያችሁ እስከ ፓኪ ትደርሳላችሁ። ይህ ከጄኔቫ የእግር መንገዶች ሁሉ የሚያምረው ነው።

ሳይንስ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ትራም 18ን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ሰርን ወደሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሂዱ። ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ማሽን ያለበት፣ የዓለም አቀፍ ድር (ዌብ) በ1989 የተጠነሰሰበት ቦታ ነው። በ2023 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከል የመግቢያ ክፍያ የለውም። ሰኞ ዝግ ነው።

ስለ ምግብ

የአካባቢው ስመ ጥር ምግብ ፎንዱ ነው፤ የቀለጠ አይብ በዳቦ እየተነከረ። ፓኪ ያለው ጥሩ ነው። ፎንዱ ውስጥ ወይን እንደሚገባ እወቁ። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አይብና ቅቤ የሌለበት ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ ቬጋን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሚግሮና ኮፕ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ያዘጋጁት ምግብ ምሳን በግማሽ ዋጋ ያቃልልላችኋል። በዲሴምበር አጋማሽ ከመጣችሁ በየሱቁ የቸኮሌት ድስት ታያላችሁ። በ1602 አንድ ሌሊት የሳቮይ ጦር ግንቡን በመሰላል ሲወጣ፣ አንዲት እናት የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ጠላት ላይ ደፋች ይባላል። ዛሬ ያ ሌሊት በሚታሰብበት በዓል ቀን ቤተሰብ ይሰበሰብና በዕድሜ ትልቁና ትንሹ አብረው ድስቱን ይሰብሩታል።

ሦስተኛ ቀን ካላችሁ

ጠዋት በትራም 12 ወደ ካሩዥ ሂዱ። በ18ኛው መቶ ዘመን የሰርዲንያ ነገሥታት ያሠሩት ሰፈር ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ መስኮታቸው ባለ መዝጊያ፣ ጣሊያን ጣሊያን የሚሸት። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ አለው።

ከዚያ ዦንክሲዮን ሂዱ። ከሐይቁ የሚወጣው ሮን ከተራራ ከሚመጣው አርቭ ጋር የሚገናኝበት ነው። ሮን ሰማያዊና ጥርት ያለ፣ አርቭ ደለል ተሸክሞ ግራጫ። ሁለቱ ወዲያው አይቀላቀሉም። ከላይ ካለው የባቡር ድልድይ ስታዩት በመሃል መስመር የተሰመረ ይመስላል፤ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከሰዓት ሳሌቭ ተራራ። አውቶቡስ 8ን እስከ ቬሪየ ድንበር ያዙ፣ ድንበሩን በእግር ተሻገሩና በገመድ መኪናው ውጡ። ተራራው ፈረንሳይ ውስጥ ስለሆነ ፓስፖርታችሁ ኪሳችሁ ይሁን። የስዊዝ የትራንስፖርት ካርዳችሁም ገመዱ ላይ አይሠራም። ከላይ በአንድ በኩል ጄኔቫና ሐይቁ፣ በሌላው በኩል ሞን ብላን ነው። ጭጋግ ከተማውን በሸፈነ ቀን ጭምር ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ላይኛው ፀሐይ ነው።

ጥቂት ሰዓት ብቻ ካላችሁ

በትራንዚት ላይ ሆናችሁ ለመውጣት የሚያስችል ቪዛ ካላችሁ ሁሉን ለመያዝ አትሩጡ። ሻንጣችሁን ኮርናቫን ጣቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉ። ወደ ፓኪ ውረዱ፣ በሙዌት ተሻገሩ፣ ዤ ዶን እዩ፣ ወደ ካቴድራሉ ውጡ፣ በትሬይና በባስቲዮን በኩል ኡኒ ዱፉር ድረሱ። ከዚያ ወደ ኮርናቫን በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ሳትቸኩሉ አራት ሰዓት ያህል መድቡለት፤ ለአየር ማረፊያው ፍተሻ የሚሆነውን ጊዜ ግን ከዚህ ውጭ አስሉት።